የማያልቀው የስንብት ጋን

ሲስተር ፐርፔቱዋ መንደራችን ፑንታ ጋርዛ የደረሰችው ወንዙ ሞልቶ በነበረ ጊዜ ነው። ውሃው እስከ ቤታችን ደረጃ ወጥቶ ስለነበር ከትልቁ ጀልባ ወርዳ፣ እግሯ መሬት ሳይነካ፣ የኤቴልቪና ታንኳ ላይ ተቀመጠች። ኤቴልቪና ጎረቤቴም አበልጄም ናት፤ ልጇን ኔሊዳን ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ። ያን ቀን እየቀዘፈች ወደ እኔ ዞረችና፣ እንግዳዋ ቋንቋ አትሰማም ብላ፣ «አበልጄ፣ ጥቁር መነኩሲት አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

«እኔም እንዳንቺ ያለች ቀዛፊ አይቼ አላውቅም» አለች እንግዳዋ በጥሩ ስፓኒሽ። «ሁለቴ ከግንድ ጋር አጋጨሽን።»

ኤቴልቪና መቅዘፊያውን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። እኔ ሳቄን ለመደበቅ ፊቴን ወደ ውሃው አዞርኩ።

ከእሷ በፊት አባ ኢኛኪ የሚባሉ ከባሕር ማዶ የመጡ ሽማግሌ የባስክ ቄስ ነበሩን። ደግ ሰው ነበሩ፤ የቤተክርስቲያናችንን ወለል በገዛ እጃቸው ነው ያነጠፉት። ግን ጠላችንን ማሳቶን ስንሰጣቸው ቅሉን ከንፈራቸው ላይ አስነክተው መልሰው ያስቀምጡታል። ማሳቶን የምንጠምቀው ካሳቫ ቀቅለን፣ ወቅጠን፣ ከፊሉን ሴቶቹ አኝከን ጋኑ ውስጥ እየተፋን ነው፤ እንዲፈላ የሚያደርገው እሱ ነው። እሳቸው ይህን ያውቃሉ። እኛም ማወቃቸውን እናውቃለን። በመሃላችን ያቺ ያልተጠጣች ቅል እስኪሞቱ ድረስ ተቀምጣ ቀረች።

ስለዚህ ለአዲሷ መነኩሲት ቅሉ ሲቀርብ ሰው ሁሉ ዓይኑን ጣለባት። እሷ እስከ መጨረሻው ጠጣችና አፏን በእጅጌዋ ጠርጋ፣ «ማን ነው ያኘከው?» ብላ ጠየቀች። ኤቴልቪና እንደ ተማሪ ቤት ልጅ እጇን አወጣች።

«ጥርስሽ ጥሩ ነው» አለቻት ሲስተር። «በእኛ አገር የሙዝ ጠላ የሚጠመቀው በእግር ተረግጦ ነው። እናንተ በአፍ፣ እኛ በእግር። የናንተ ይሻላል፤ ድገሚኝ።»

ያን ዕለት ሳቁ እስከ ማዶ ተሰማ ይባላል። ከዚያ ወዲህ በመንደራችን እንግዳ የሚላት ሰው አልነበረም።

አገሯ ታንዛኒያ ነው፤ ከትልቅ ሐይቅ ዳር፣ ከዓሣ አጥማጆች ቤት የተወለደች። ነርስነት ከተማረች በኋላ ማኅበሯ መጀመሪያ ወደ ፊሊፒንስ ደሴቶች ላካት። እዚያ ብዙ ዓመት ኖራ ነው ወደ እኛ የመጣችው። ዓሣ ስትበላ አጥንቱን እንደኛ በጥርሷ አውጥታ ወደ ውሃው ትተፋለች። ምግብ ማብሰል ግን አትችልም ነበር። እሷ የቀቀለችው ሙዝ ለዶሮም ይከብዳል። ከሰዓት በኋላ የቀሰቀሳት ሰው ደግሞ ወዮለት፤ የሚወልድ ወይም የሚሞት ሰው ከሌለ በስተቀር።

ጤና ጣቢያው ውስጥ መንግሥት የላከው ከፍ ያለ የብረት አልጋ ነበር። ሴቶቻችን አይወጡበትም፤ በጀርባ ተኝቶ መውለድ እኛ ዘንድ የለም። ከእሷ በፊት የነበረው ነርስ በዚህ ተናዶ መጽሐፉን ዘግቶ ሄዷል። ሲስተር ግን ሴቶቹን ሰብስባ፣ «እናቶቻችሁ እንዴት ነው የወለዷችሁ?» አለች። ቁጢጥ ብለው፣ ከምሰሶው ላይ የታሰረ ገመድ ይዘው እንደሆነ አሳየናት። በማግስቱ ወፍራም የጀልባ ገመድ ለምና ከጣሪያው ጋር ራሷ አሰረችው፤ አልጋውን ደግሞ የጸሎት መጻሕፍት ማስቀመጫ አደረገችው። ከዚያ ወዲህ ለመውለድ ብላ ጫካ የገባች ሴት የለችም።

እኔንም ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት። የተጨማደደ ፊቴን አይታ ‹አርጅተሻል› ሳትለኝ፣ ወደብ ላይ አጠገቧ አስቀምጣ፣ በሚያልፉት ጀልባዎች ስም ታስጠናኝ ነበር። በመጀመሪያ ያነበብኩት «የወንዝ ንግሥት» የሚለውን ነው። ጀልባው ሳላነበው አልፎ እንዳይሄድ ቶሎ ማንበብ ለመድኩ።

በእያንዳንዱ ምጥ ላይ ኤቴልቪናን አጠገቧ ታቆማት ነበር። መጀመሪያ ውሃ ለማፍላት፣ ቀጥሎ ወገብ ለመያዝ፣ በኋላ ሕፃኑን ለመቀበል። ኤቴልቪና ምላሷ ስለታም ነው፣ እጇ ግን ለስላሳ ነው። ሲስተር ወደ ላይኞቹ መንደሮች ስትሄድ ብቻዋን ታዋልድ ነበር። እንዲህ ሆኖ ሳለ አንድ ጊዜ የገዛ ልጇ የኔሊዳ የመጀመሪያ ልጅ ሕይወት ሳይኖረው እጇ ላይ ወጣ። ሲስተር ተመልሳ ስትሰማ፣ ሕፃኑ ምጡ ሳይጀምር በፊት ማህፀን ውስጥ እንደሞተ ደጋግማ አስረዳቻት። ኤቴልቪና ራሷን ነቀነቀች እንጂ አላመነችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምጥ ላይ ትገኛለች፣ ውሃ ታፈላለች፣ ወገብ ትይዛለች፤ ሕፃን ግን አትቀበልም።

ኔሊዳ እንደገና አርግዛ ሆዷ ሲገፋ ነው ያ ወሬ በጤና ጣቢያው ሬዲዮ የመጣው። ማኅበሯ ሲስተርን ወደ ፓፑዋ ኒው ጊኒ አዛወራት። እዚያም እንደኛ ያለ ወንዝ አለ፤ የወንዙ ነርስ ሞታ ጤና ጣቢያው ተዘግቷል፤ የሚከፍተው ሰው ይፈለጋል። ሲስተር ሬዲዮውን ከዘጋች በኋላ ብዙ ጊዜ አጠገቡ ቆመች። ከዚያ ወጥታ ልብሷን ከገመድ ላይ መሰብሰብ ጀመረች።

እኛ ዘንድ ሩቅ ለሚሄድ ሰው የስንብት ጋን ይጠመቃል። መንደሩ ሁሉ ከመንገደኛው ጋር እየጠጣ ይጨርሰዋል፤ ጋኑ ባዶ ሳይሆን የተሳፈረ ሰው «እናንተን አልፈልግም» ብሎ እንደሄደ ነው የሚቆጠረው። ለሲስተር የሚጠመቀውን ኤቴልቪና ልጥመቅ አለች። ማንም አልተቃወማትም።

ጀልባው ሐሙስ ሐሙስ ይመጣል። በመጀመሪያው ሐሙስ ጋኑ ገና ግማሽ ነበር። በሁለተኛው ሐሙስ ደግሞ፣ ሰው ሁሉ ሆዱ እስኪነፋ ጠጥቶ፣ ከመጀመሪያው ሐሙስ የበለጠ ሞልቶ ተገኘ። የጀልባው አለቃ ዶን አባዲያስ ከላይ ሆኖ ጮኸ፦

«ሲስተር፣ ዛሬም አይሳፈሩም? ወንበርዎ ላይ አሳማ ጫንኩበት እኮ!»

«አሳማው ደህና ይግባ፣ ዶን አባዲያስ» አለችው። ከዚያ ጋኑን ከፍታ አየች። «ኤቴልቪና፣ ይሄ ጋን ምንጭ አለው እንዴ?»

«የዘንድሮ ካሳቫ አፈላሉ ለጉድ ነው፣ ሲስተር።»

«ጠዋት ጋኑ አጠገብ ስታኝኪ አየሁሽ።»

«ቁርሴን ነው።»

«ቁርስሽን ጋን ውስጥ ነው የምትተፊው?»

ሴቶቹ አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ሲስተርም ሳቀች፤ ግን ዓይኗ አልሳቀም። ሌላ ሰው ቢሆን ጋኑን ትቶ ይሳፈር ነበር፤ ማንስ ይይዘዋል? እሷ ግን ያቺ ያልተጠጣች የአባ ኢኛኪ ቅል ምን እንደሠራች ከእኛ ሰምታለች።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ወደብ ላይ አብረን ተቀመጥን።

«ኤቴልቪና የምትፈራው ለኔሊዳ ነው» አልኳት። «እስክትወልድ ብትቆዪላትስ?»

«ብቆይ እኔ ነኝ የማዋልዳት። ከእሷ በኋላ ሌላ ነፍሰ ጡር ትመጣለች፤ እሷንም እኔው። ኤቴልቪና ውሃ ስታፈላ ታረጃለች።» ወንዙን እያየች ቀጠለች። «እኔን ያዋለደችኝ አንዲት የሆላንድ መነኩሲት ናት። እናቴ በጣም ትወዳት ነበር። አንድ ቀን ወደ ሌላ አገር ተልካ ሄደች። እናቴ፣ ‹ከዳችን› ብላ ዓመት ሙሉ ቤተክርስቲያን አልረገጠችም። በኋላ ጎረቤታችን ስታምጥ ሌላ ሰው ስላልነበረ እናቴ ገባች። እስክትሞት ድረስ የሐይቁ ዳር አዋላጅ እሷ ነበረች።»

«ታዲያ እዚያ ወንዝ ያሉትስ?»

«እነሱን አላውቃቸውም» አለች። «እናንተንም አላውቃችሁም ነበር።»

ሦስተኛው ሐሙስ ሲመጣ ከማለዳው ጀምሮ ይዘንብ ነበር። ጀልባው ገና ወደቡን ሲይዝ፣ ኔሊዳ ከታሰበው ቀን ቀደም ብሎ ምጥ ጀመራት። ኤቴልቪና በዝናቡ ውስጥ እየሮጠች ጤና ጣቢያው በር ላይ ደረሰች፤ ከፀጉሯ ውሃ ይወርዳል።

«አላልኩዎትም? አላልኩዎትም?» ትላለች። «እግዜር ራሱ አስቀርቶዎታል!»

እኔ ኔሊዳን ደግፌ ከኋላዋ አስገባኋት፤ ሲስተርም ተቀበለችን። ኔሊዳን ገመዱን አስያዘቻት፣ ሆዷን ዳበሰች፣ በጆሮዋ አዳመጠች። ከዚያ እጇን በሳሙና ታጥባ ሲያበቃ፣ ጥግ ካለችው በርጩማ ላይ ሄዳ ተቀመጠችና ሁለት እጆቿን ከጭኖቿ ሥር ከተተቻቸው።

ኤቴልቪና ዞር ብላ አየቻት። «ምን እየሠሩ ነው? ይምጡ እንጂ!»

«እኔ መንገደኛ ነኝ።»

«ሲስተር፣ ይሄ የቀልድ ጊዜ ነው?»

«የትም አልሄድኩም፤ እዚሁ ነኝ። ብትሳሳቺ እነግርሻለሁ።»

«እጄ አይረባም! ያውቃሉ እኮ አይረባም!»

«እማዬ!» አለች ኔሊዳ ገመዱን ይዛ፣ ላብ በላብ ሆና። «ከእሷ ጋር በኋላ ትጣያለሽ። አሁን ወደኔ ነይ!»

ኤቴልቪና መጣች። ተንበረከከች። እኔ የኔሊዳን ወገብ ይዣለሁ። ዝናቡ የዘንባባ ክዳኑን እየደበደበ ስለሆነ ስታምጥ ድምፅዋ አይሰማም፤ ክንዷ ገመዱን ሲጎትት ብቻ ነው የማየው። ጭንቅላቱ ብቅ አለ። ያኔ የኤቴልቪና ፊት ተለወጠ። እትብቱ የሕፃኑ አንገት ላይ ተጠምጥሟል።

ቀና ብላ ሲስተርን አየቻት። እኔም አየኋት። ሲስተር ከንፈሯን ነክሳለች፤ ክንዶቿ እስከ ትከሻዋ ተወጥረዋል፤ እጆቿ ከሥሯ ለመውጣት ሲታገሉ ጭኗ ይነቀነቃል። ግን አላወጣቻቸውም፣ አልተናገረችምም። ኤቴልቪና ያልተሳሳተች መሆኗን ከዝምታው የተረዳች ይመስለኛል። ጣቷን ቀስ ብላ በእትብቱ ሥር አስገባች፤ ላላ አደረገችው፤ በሕፃኑ ራስ ላይ እንደ ሐብል አሳልፋ አወጣችው። «አሁን ግፊ፣ የኔ ልጅ» አለች፣ እኔ ከአፏ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ።

ወንድ ልጅ ነው። ከዝናቡ በላይ ጮኸ።

እትብቱ የሚቆረጥበት ሰዓት ሲደርስ ኤቴልቪና መቀሱን ወደ ጥጉ ዘረጋችው። በአገራችን እትብት የቆረጠ ሰው ለወላጆቹ አበልጅ ይሆናል፤ እስከ ዕድሜ ልክም ዘመድ ነው።

«ይሄንን እኔ አልቆርጥም» አለች። «ከገዛ ልጄ ጋር አበልጅ ልሁን እንዴ? እቺም አሮጊት ድሮውኑ አበልጅ ናት። ይነሱ።»

ሲስተር ልትነሳ ስትል እግሯ ደንዝዞ ስለነበር ወደቀች። እየሳቅን አነሳናት። ቆረጠችው፤ በክርም አሰረችው። ኔሊዳ ሕፃኑን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ «አመሰግናለሁ፣ አበልጄ» አለቻት። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ሲስተር ስታለቅስ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ከታች ጀልባው ጮኸ። ዝናቡ ካባራ ቆይቷል፤ ዶን አባዲያስ ግን አልሄደም።

«ምን ትጠብቃለህ?» አልኩት።

«ዝናቡን ነዋ» አለ፣ የጠራውን ሰማይ ሽቅብ እያየ።

ኤቴልቪና ጋኑን ወገቧ ላይ አድርጋ ወደ ወደቡ ወረደች። ገና ከግማሽ በላይ ነበር። ሰው ሁሉ በቅል በቅሉ ቀዳ፤ የጀልባው ተሳፋሪዎችም ወርደው ጠጡ፤ ዶን አባዲያስ ሁለቴ ደገመ። ሲስተርም ጠጣች። የመጨረሻዋን ቅል ኤቴልቪና ራሷ አንስታ እስከ አተላው ጨለጠችና ጋኑን መሬት ላይ ደፋችው።

«አለቀ?» አለች ሲስተር።

«አለቀ። ይሂዱ፣ ሳልሞላው።»

ሲስተር ቦርሳዋን ይዛ ተሳፈረች። ጀልባው እስኪታጠፍ ድረስ ቆማ ታየን ነበር። ኤቴልቪና ግን አላየቻትም፤ ጎንበስ ብላ ጋኑን በወንዙ ውሃ ታጥብ ነበር፤ ደጋግማ፣ ከሚገባው በላይ።

ጥቂት ሳምንታት አለፉ። አንድ ቀን ጠዋት ከላይኛው መንደር አንድ ሰው በታንኳ እየበረረ መጣ፤ ሚስቱ ምጥ ላይ ናት። «ሲስተር የት አለች?» ብሎ ከወንዙ ላይ ጮኸ።

ኔሊዳ ሕፃኑን ታቅፋ በር ላይ ቆማ፣ «ሲስተር ሄደች» አለችው። ሰውየው መቅዘፊያውን ጉልበቱ ላይ ጣለ።

ኤቴልቪና በዚያን ጊዜ ጤና ጣቢያው ውስጥ ገብታ ገመዱን ከጣሪያው እየፈታች ነበር። ጠቅልላ ትከሻዋ ላይ ሰቀለችው።

«አበልጄ፣ ዓሣዬ እሳት ላይ ነው፤ አገላብጪልኝ» አለችኝና ታንኳው ላይ ወጣች። ከሰውየው እጅ መቅዘፊያውን ቀማችው።

«ከግንድ ጋር እንዳታጋጪው!» አልኳት።

እጇን ብቻ አወዛወዘችልኝ።