ጋሽ ወንድይራድ የጠበቁት ጨዋታ

ጋሽ ወንድይራድን ለምታውቋቸው ሁሉ፤

ጋሽ ወንድይራድ ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። እዚህ መሐል ሜዳ ከተማ ያላችሁ በቀብራቸው ላይ ነበራችሁ፤ ሌላ አገር ያላችሁ ግን ገና ያልሰማችሁ ትኖራላችሁ። ብዙ ዘመን ኩላሊታቸውን ያማቸው ነበር፤ ሰኞ ጠዋት በቤታቸው አረፉ። ዛሬ አርባቸው ነው። በሰው ፊት መናገር እንደማይሆንልኝ ስለምታውቁ በጽሑፍ አደረግሁት። ላጽናናችሁ አይደለም፤ እኔ ራሴ አልተጽናናሁም።

አብዛኞቻችሁ በተማሪነታችሁ የተቀመጣችሁበትን ዴስክ የሠሩት እሳቸው ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላ ግን በረንዳቸው ላይ ሰንጠረዥ ያስተምሩ ነበር። ንጉሡንም፣ ፈረሱንም፣ ወታደሩንም ከወይራ ጠርበው የሠሩት ራሳቸው ናቸው። ገበታው ባለቤታቸው እትዬ በላይነሽ በሰማያዊ ጥለት የሰፉት ቀይ ጨርቅ ነበር። አጨዋወታቸው የአባቶች ነው፤ መጀመሪያ ላይ ተራ የሚባል የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች እየተሽቀዳደሙ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ፤ ይህም ወረራ ይባላል። ተራ መጠበቅ የሚጀመረው አንዱ የሌላውን ወታደር ሲበላ ነው።

ከወረራው በፊት ደግሞ የራሳቸው ሕግ ነበራቸው። «ዛሬ ምን ፈልገሽ ተቀመጥሽ?» ይላሉ። ይህን ሳይመልሱ ወታደር መንካት አይቻልም። ማሸነፍ የፈለገ «ማሸነፍ» ይላል፤ ለወሬ ብሎ የመጣም «ወሬ» ይላል፤ አያፍርም። «ሰው የሚጣላው በሕጉ አይደለም» ይሉ ነበር። «አንዱ ጦርነት ጠብቆ ይቀመጣል፣ ሌላው ሳቅ ጠብቆ ይቀመጣል። ያን ጊዜ ያሸነፈውም የተሸነፈውም ተከፍቶ ይነሣል።»

እኔን መጀመሪያ የጠየቁኝ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ነው። አንገቴን ደፍቼ «መማር» አልሁ።

«መማርማ ጠዋት ክፍል ውስጥ ነበርሽ! እዚህ ምን ፈለግሽ?»

ቀና ብዬ «እርስዎን ማሸነፍ» አልሁ። እትዬ በላይነሽ ከጓዳ ሆነው ሳቁ። «እሰይ! አፍ አላት ለካ!» አሉ።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ወንድይራድ ሲጫወቱ አይምሩኝም ነበር። ንጉሤን ወደ ጥግ ሳሸሽ፣ «ምነው፣ ጓሳ ሣር ሊያጭድ ወጣ እንዴ? ገና እኮ አልተከፈተም፤ ሽማግሌዎቹ ይቀጡታል!» ይሉኛል፤ ጓሳ ሽማግሌዎች ሲፈቅዱ ብቻ የሚታጨድ የአገራችን የሣር መሬት ነው። እኔም ቀስ በቀስ መመለስ ጀመርሁ። «የእርስዎ ፈረስስ ገብስ አላገኘም መሰለኝ፤ ከቆመበት አልተነቃነቀም» ስላቸው በሳቅ ይፈርሳሉ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ በክፍል ውስጥ እጄን ያወጣሁት በዚያ በረንዳ ድፍረት ነው።

አንድ ቀን ያየሁትን ልንገራችሁ። የጎረቤታቸው ልጅ ሽመልስ ከጦርነቱ ከተመለሰ ወዲህ ከሰው ጋር አይነጋገርም ነበር። ጋሽ ወንድይራድ በግድ ጎትተው ገበታው ፊት አስቀመጡትና ያንኑ ጥያቄ ጠየቁት።

«ምንም» አለ ሽመልስ። ዓይኑን ገበታው ላይ ተክሎ፣ «ማንም እንዳይሞት» አለ።

እኔ ደነገጥሁ። እሳቸው ግን «ለሱም ጨዋታ አለን፤ አሰልፍ» አሉት። ቀኑን ሙሉ በወረራ ዋሉ። ወታደሮቹ ይጠጋጋሉ፣ ያፈገፍጋሉ፣ እንደገና ይሰለፋሉ፤ ማንም ማንንም አልበላም። አንድ መንገደኛ ቆሞ «ማን እያሸነፈ ነው?» ቢል፣ «አትቸኩል ወንድሜ፣ ገና እየተሰለፍን ነው» አሉት። ሽመልስ ሲስቅ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ለመጨረሻ ጊዜ የተጫወትነው ፊታቸውና እግራቸው አብጦ ሳለ ነው። እንደ ልማዳቸው ጠየቁኝ። «እንደ ሁልጊዜው፣ ማሸነፍ» አልሁ። ዋሸሁ።

«እኔም እንደዚያው። እንግዲህ አትራሪልኝ» አሉ፤ ዓይናቸውም በራ።

ከሰዓት በላይ ተጫወትን። በመጨረሻ ፈረሴ ንጉሣቸውን መውጫ ሊያሳጣ አንድ እርምጃ ብቻ ቀረው። ዓይኔ ባበጠው እግራቸው ላይ አረፈ። በእኛ አገር በሽተኛን፣ ያውም ሽማግሌ በሽተኛን፣ ማን ያሸንፋል? ፈረሱን ወደ ኋላ መለስሁት።

ገበታውን ትክ ብለው አዩት። «ይህን ፈረስ ምን አዞረው?»

«ሳላስተውል ነው፣ ጋሼ።»

«አስተውለሻል። እኔ ጦር ጠብቄ ነበር፤ አንቺ የበሽተኛ መጠየቂያ ብርቱካን ይዘሽልኝ መጣሽ።» ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ሰው ሁሉ ብርቱካን ነው የሚያመጣልኝ። አንቺ ብቻ ቀርተሽኝ ነበር።» ከዚያም «ቅዳሜ ነይ። ፈረሱን ወደ ቦታው መልሰን ከዚያው እንጀምራለን» አሉ።

ቅዳሜ አልሄድሁም። ፊታቸውን ማየት አሳፈረኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ እሄዳለሁ አልሁ። ሰኞ ጠዋት ወደ ቢሮ ስወጣ ከቤታቸው ለቅሶ ሰማሁ። እትዬ በላይነሽ በኋላ ነገሩኝ፤ ጋሽ ወንድይራድ ቅዳሜ ገበታውን አስዘርግተው፣ ጋቢና ብርድ ልብስ ደርበው፣ በዚያ ብርድ በረንዳው ላይ እስከ ማታ ጠብቀውኛል። «ግቡ ብላቸው፣ ትመጣለች አሉኝ» አሉ። ልውቀስሽ ብለው አልነበረም፤ ለእኔ ግን ከወቀሳ የባሰ ነበር።

ጋሼ፣ እትዬ በላይነሽ ገበታውን ለእኔ ሰጥተውኛል። የመጨረሻውን አሰላለፍ ከነቦታው አስታውሼ ደረደርሁት፤ ፈረሱንም እንዳሉኝ ወደ ቦታው መልሼ የቀረችኝን አንድ እርምጃ አራመድሁት። ንጉሥዎ መውጫ የለውም። አሸንፌያለሁ፤ ደስታ የሚባል ግን የለበትም። ማዶ የተቀመጠ ሰው የለም።

ያን ቀን ምን ፈልጌ እንደተቀመጥሁ አልነገርሁዎትም፤ አሁን ልንገርዎት። እንዳይሞቱብኝ ነበር የፈለግሁት። ብነግርዎት ኖሮ ለዚያም ጨዋታ ነበርዎት፤ ማንም ማንንም ሳይበላ እስኪመሽ ስንሰለፍ እንውል ነበር።

ደህና ይሁኑ፣ ጋሼ። ቅዳሜ ስለቀረሁ ይቅር ይበሉኝ።