አባቴ የቀቀለው አደንጓሬ

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስመለስ ከአንድ ጎረቤት ግቢ የአደንጓሬ ቅቅል ሽታ መጣብኝ፤ ዝናብ የነካው አፈር የሚመስለው ያ ከባድ ሽታ መንገዱ ላይ አቆመኝ።

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ጎንደር፣ ቁስቋም ነበር። እናቴ ጭልጋ ከአባቷ ቤት ያመጣችውን ቀይ ዝንጉርጉር አደንጓሬ ሰኔ ሲገባ ከጓሮው በቆሎ ሥር እየቆፈረች ትዘራ ነበር፤ ሐረጉም አገዳውን ተጠምጥሞ ወጥቶ፣ ነሐሴ ላይ ከአጥሩ በላይ አብቦ ይታይ ነበር። ዘሩን አመድ ነስንሳ በቅል ታስቀምጠው ነበር እንጂ ለማንም አትሸጥም ነበር።

አንድ ክረምት ግን ዘርታው ሳታርመው ለሥራ ወደ ዓረብ አገር ሄደች። አባቴ አናጢ ነበር፣ ሥራው ቀዝቅዞበት ነበር። ልትሄድ ስትል ስለ ታናሽ ወንድሜ ስለ ይበልጣል ሳል፣ ስለ ትምህርት ቤት ልብሴ፣ ስለ ዶሮዎቹ ሳይቀር ለአባቴ ስትነግረው አስታውሳለሁ፤ ስለ አደንጓሬው አቀቃቀል ግን ምንም አላለችም፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው መስሏት ይሆናል።

መስከረም ላይ እየደወለች ታለቅስ ነበር። ጥቅምት ላይ ድምፅዋ ጠፋ። አባቴ እንጨት እየላገ እንኳ ድንገት ያቆምና ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ያየው ነበር። ኅዳር ላይ አደንጓሬው ደርቆ ሦስታችን ቀጥፈን ፈለፈልነው፣ ጾሙ ሲገባም አባቴ «ዛሬስ የእናታችሁን ንፍሮ አበላችኋለሁ» ብሎ ከሰል አቀጣጠለ።

ሳይዘፈዝፍ ጣደው፤ እኛም ርቦን ዙሪያውን እየተቁለጨለጭን ስናየው ቸኩሎ አወጣው። ጥርሴ ተነቃንቆ ስለነበር እኔ ጥቂት ፍሬ ቆርጥሜ ተውሁት፣ ይበልጣል ግን አባቴ ጭን ላይ ተቀምጦ እስኪጠግብ በላ። ብዙም ሳይቆይ ያስመልሰው ጀመር፤ ዓይኑ ጎደጎደ፣ አንገቱን ማቅናት አቃተው። አባቴ ራሱም እያስመለሰ ልጁን ታቅፎ «ወይኔ ልጄን! ምን ብዬ ልነግራት ነው?» እያለ በግቢው ሲዞር፣ ጮኼ እትየ ዘይነብን ጠራሁ።

እትየ ዘይነብ ጎረቤታችን ነበሩ፣ የጨርቅ ነጋዴ። ድስቱን ገልጠው አንዷን ፍሬ በጣታቸው ሊጨፈልቋት ሞከሩ። አባቴን «ምነው ደምሴ፣ ይኸ እኮ ጥሬ ነው! ጥሬው ይመርዛል» አሉና፣ ባጃጅ አስቁመው ወደ ጤና ጣቢያ ይዘዋቸው ሄዱ። ይበልጣል ጉሉኮስ ተደርጎለት በማግስቱ ድኖ ተመለሰ።

አባቴ ግን ከዚያ በኋላ ልጁን በእጁ ማጉረስ ፈራ። የቀረውን አደንጓሬ ከነቅሉ ሊደፋው ሲወጣ እትየ ዘይነብ በር ላይ ያዙት።

«እናታቸው ስትመጣ ምን ልትዘራ ነው?»

«ከመጣች» አለ አባቴ ቀስ ብሎ። እንዲያ ሲል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ትመጣለች፤ አላህ ያመጣታል። አንተ ግን ና፣ ላሳይህ።»

ወንድ ማጀት ገባ እንዳይባልበት የግቢውን በር ቀረቀሩለት። ከዋዜማው ዘፍዝፎ ውኃውን እንዲደፋ፣ በአዲስ ውኃ አፍልቶ ያንንም እንዲደፋ፣ ከዚያ ፍሬው በጣት እስኪፈርስ እንዲያንተከትከው አሳዩት፤ እሱም በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ተማሪ «እሺ እትየ» ይል ነበር። ከዚያ ወዲህ በቀቀለ ቁጥር መጀመሪያ ራሱ በልቶ ይጠብቅና፣ ደኅና መሆኑን ሲያይ ነበር ለእኛ የሚሰጠን።

በቀጣዩ ሰኔ ዘሩን ራሱ ዘራው፤ ከዚያም ክረምት በመጣ ቁጥር። እናቴ የተመለሰችው ይበልጣል ማንበብ ከጀመረ በኋላ ነው፣ ከስታ፣ ፀጉሯን ተላጭታ። ምን እንደደረሰባት አልነገረችንም። ይበልጣል አላወቃትምና አባቴ ጀርባ ተሸሸገ። አባቴ አደንጓሬ ቀቅሎ በሳህን አቀረበላት፣ ቀመስ አደረገችና «ማን ቀቀለው?» አለች።

«እኔ።»

ቀና ብላ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ሳህኑን ጨርሳ በላች፣ እዚያው እንደተቀመጠችም አለቀሰች።

ዛሬ ጓሮው ላይ የኪራይ ክፍሎች ተሠርተውበታል። አባቴ ካረፈ ወዲህ እናቴ የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው። አንዳንድ ቀን ትስቃለች፣ ታጫውተኛለች፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ብጠራትም አትሰማኝም፣ እኔም ሥራዬን ትቼ አጠገቧ ቁጭ እላለሁ። ልጅ ሳለሁ ከሩቅ አገር እስክትመጣ እጠብቃት ነበር፤ ዛሬ አጠገቧ ሆኜም እጠብቃታለሁ።