ስወርድ ያየኝ ሰው አልነበረም

ባለፈው ሳምንት ወገቤን ልታይ ሄጄ ነበር። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ልጄ የምትሆን ወጣት ናት። ጎንበስ ቀና አስባለችኝ፣ አስተኝታ እግሬን አንድ በአንድ አነሳችው፣ ከዚያ ጠረጴዛዋ ላይ የቆመውን የፕላስቲክ አከርካሪ በብዕሯ እየነካች አስረዳችኝ። ወገቤ ትንሽ ወደ ፊት ሲያዘነብልና ክብደቴ በከፊል እጄ ላይ ሲያርፍ ነርቩ ቦታ ያገኛል፤ ወንበር ላይ ቀጥ ብዬ ስቀመጥ ግን ይጨነቃል።

«ብስክሌት ቢነዱ ጥሩ ነው» አለችኝ። «መሪው ከፍ ይበል፣ ለመያዝ እንዳይንጠራሩ። መቀመጫውም ከቁመትዎ ጋር ይስተካከል። ጉድጓድ ሲመጣ ደግሞ ከመቀመጫው ብድግ ይበሉ።»

ሳቄ አመለጠኝ። ልጅቷ ግራ ገባት።

«ምነው እናቴ፣ ያጠፋሁት ነገር አለ?»

«የለም ልጄ። ይህን ያወቅሁት በወጣትነቴ ነው፤ የገባኝ ግን አሁን ነው።»

በዚያ ዘመን ሀዋሳ፣ ፒያሳ ውስጥ በአንድ ጠባብ ክፍል ታይፕ እመታ ነበር። ማመልከቻ፣ ውል፣ የሠርግ ጥሪ፣ የመጣውን ሁሉ። እናቴ ከከተማው ወጣ ብሎ ቱላ ነበረች፤ እኔ ሥራው እንዲቀርበኝ ከታላቅ ወንድሜ ከኤልያስ ጋር ከተማው ውስጥ እኖር ነበር። ለታምራት ታጭቼ ነበር። ታምራት ቀጭን፣ ዝምተኛ የሂሳብ አስተማሪ ነበር። የምንገናኘው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከአምልኮ በኋላ በዛፎቹ ጥላ እየሄድን እናወራለን፤ ማለቴ እኔ አወራለሁ፣ እሱ ይሰማል። ሠርጋችን ክረምቱ ሲወጣ ሊሆን ታስቦ ነበር።

ክረምቱ ሳይወጣ ወደቅሁ። ዝናብ ያደረበት ጠዋት ነበር። ውኃ የሞላ ጀሪካን ይዤ ግቢውን ሳቋርጥ ጭቃው አንሸራተተኝ። ጀሪካኑን አልለቀቅሁትም፤ ብለቀው ኖሮ ምናልባት ይሄ ሁሉ ባልመጣ። ወገቤ ውስጥ የሆነ ነገር ሲላቀቅ ተሰማኝ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ መቀመጥ የሚባል ነገር ጠላቴ ሆነ።

ምክር አልጎደለኝም። አከራያችን መሬት ላይ ተኚ አሉኝ። ወጌሻው ቅቤ አስቀልጦ አሸኝ፣ ያን ቀን እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ጤና ጣቢያ ኪኒን ሰጡኝና ከአልጋ እንዳትነሺ አሉኝ። አንዲት የቤተ ክርስቲያን እህት ደግሞ መተኛቱ ነው የሚያጠፋሽ፣ ተንቀሳቀሺ አለችኝ። ሁሉንም ሰማሁ፣ ሁሉንም ሞከርኩ። የታይፕ መኪናውን መደርደሪያ ላይ ሰቅዬ ቆሜ መምታት ጀመርኩ። ቤተ ክርስቲያን ከኋላ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ እዘምር ነበር። ሚኒባስ ውስጥ ገብቶ መቀመጥማ የማይታሰብ ሆነ።

እናቴን ካየኋት ቆይቼ ነበር። አንድ ቅዳሜ የኤልያስ ብስክሌት ግድግዳ ተደግፎ አየሁና ነካካሁት። አሮጌ ጥቁር ብስክሌት ነው፤ መሪው ወደ ላይ ወጣ ያለ፣ መቀመጫው ተቀዶ ሥፖንጁ የታየ። ኤልያስ «አንቺ ብለሽ ብለሽ ራስሽን ልትገድዪ ነው?» እያለም ቢሆን መቀመጫውን ለቁመቴ አስተካከለልኝ፤ እኔ በአሮጌ የበግ ቆዳ ጠቀለልኩት። ከበራፉ ደረጃ ላይ ሆኜ እግሬን በስቃይ አሻገርኩና ገፋሁ።

ሕመሙ ጠፋ።

ቀነሰ ማለቴ አይደለም፤ ጠፋ። እጄ መሪው ላይ፣ ወገቤ ትንሽ ጎበጥ ብሎ፣ እግሬ እየዞረ፣ ለሳምንታት ያላገኘሁት ዕረፍት መጣ። ወደ ቱላ በሚወስደው መንገድ ዳር ዳሩን ይዤ ስሄድ ከዝናብ በኋላ የሚሸተው አፈር፣ እንሰቱ ላይ የቀረው ጤዛ፣ መንገድ ዳር የሚጠበሰው በቆሎ፣ ሁሉም አዲስ ሆነብኝ። ኮረኮንቹ ጋ ስደርስ ፔዳሉ ላይ ቆሜ አለፍኩ። ወንበር ላይ መቀመጥ የማትችል ሰው እንዴት ብስክሌት ላይ ትቀመጣለች ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። መልስ ባላገኝም መንዳቴን አላቆምኩም።

ችግሩን ያወቅሁት እናቴ ደጅ ስደርስ ነው። መውረድ አልቻልኩም። እግሬን አንስቼ ላሻግር ስሞክር ወገቤ በቢላ እንደተወጋ ሆነ። እናቴ አጥሩ ጋ ቆማለች። ምን ላድርግ፣ እጄን አውለብልቤ አለፍኳት። ባሕር ዛፎቹ ጋ ዞሬ ተመለስኩ፣ አሁንም ሰላም ብዬ አለፍኩ። ፊቷ ላይ የነበረው ግራ መጋባት እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። በመጨረሻ አጥሩን ተጠግቼ እንጨቱን አቀፍኩና ብስክሌቱን ከሥሬ ለቀቅሁት። እናቴ በሲዳምኛ «ልጄ፣ መምጣትሽ ነው መሄድሽ?» አለችኝ። እኔም አላወቅሁትም ነበር።

በማግሥቱ እሑድ የታምራት እናት እትዬ አስቴር ለምሳ ጠርተውኝ ነበር። ቁጭ ብሎ መብላት ስለማልችል ወገቤን አሞኛል ብዬ ላክሁባቸው። ሰኞ ከሰዓት ከገበያ ሲመለሱ ግን በብስክሌት ሽው ስል አዩኝ። ሰላም ልላቸው ፈለግሁ፤ መውረድ ስላልቻልኩ ግን አንገቴን ዝቅ አድርጌ አለፍኳቸው።

በነጋታው ታምራት ሥራ ቦታዬ መጣ። በሩ ላይ ቆመ።

«ወንበር ላይ መቀመጥ አትችዪም?»

«አልችልም።»

«ብስክሌት ግን ትነጃለሽ።»

«አዎ።»

«እንዴት?»

«አላውቅም» አልኩት።

የሂሳብ ሰው ነው፤ መልሱን ይዞ ብዙ ቆመ። ከዚያ ደህና ዋዪ ብሎኝ ሄደ።

የሚያስጨንቀው የእነሱ መጠርጠር አልነበረም። እኔም ራሴን መጠርጠር ጀመርኩ። ምናልባት ትዳሩን ፈርቼ ይሆን? ሰውነቴ ሳላውቀው እምቢ እያለ ይሆን? ወንበር ላይ ተቀምጬ ደስ የሚለኝን ነገር ሁሉ አሰብኩ፤ አመመኝ። ብስክሌት ላይ ሆኜ ስለ ሠርጉ አሰብኩ፤ አላመመኝም። ከዚህ ምን እንደምደመድም ጨነቀኝ። እወደዋለሁ እል ነበር፤ እንደዚያ ክረምት ግን የራሴን ቃል የተጠራጠርኩበት ጊዜ አላስታውስም።

እትዬ አስቴር የታምራትን አጎት አስከትለው እኛ ቤት መጡ። ኤልያስ አስቀመጣቸው። እኔ ቆምኩ። ታላላቆች ተቀምጠው እኔ ከፊታቸው እንደ ግንድ መገተሬ ምን እንደሚመስል ይገባኝ ነበር።

«ተቀመጪ እንጂ» አሉ አጎቱ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አልችልም።»

እትዬ አስቴር ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። «የኔ ልጅ» አሉኝ፣ «ካልፈለግሽው ንገሪን። አንቀየምሽም። በወገብሽ ግን አታሳብቢ።»

«እትዬ፣ እኔም ግራ ገብቶኛል» አልኩ። ሌላ እውነት አልነበረኝም። ይቅርታ ብዬ ወጣሁ፤ ከደረጃው ላይ ሆኜ ብስክሌቱ ላይ ወጣሁና ወደ ሐይቁ ነዳሁ።

ሐይቁ ዳር ያለው መንገድ ላይ ወዲያ ወዲህ ተመላለስኩ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ ፍርፋሪ ለመሻማት አሸዋው ላይ ይራኮታሉ። ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነበር፤ ደክሞኛል፤ የምይዘው አጥርም ሆነ እንደ በራፋችን ደረጃ የምወርድበት ድንጋይ አላየሁም። ያኔ ታምራት በእግሩ ሲመጣ አየሁት። እናቱ እኛ ቤት መምጣታቸውን ሰምቶ ደርሶ ነበር፤ ኤልያስ ነው ወደዚህ የላከው። አጠገቡ ስደርስ «ያዘኝ» አልኩት። አልገባውም፤ ቆሞ አየኝ። አለፍኩት። ዞሬ መጣሁና «መውረድ አልችልም፣ ያዘኝ» አልኩት።

መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። ትከሻውን ተደግፌ እግሬን ለማሻገር ሞከርኩ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። ጥርሴን ነክሼ እንደገና ሞከርኩ። እግሬ መሬት ሲነካ ትከሻውን አልለቀቅሁም። ብስክሌቱ ወደቀ፣ ማንም አላነሳውም። ታምራት ደግፎኝ ቆየ።

«እናቴ ይህን አላየችም» አለ በመጨረሻ።

እውነቱን ነው። ከተማው ሁሉ ስነዳ አይቶኛል። ስወርድ ያየኝ ሰው ግን ከእናቴ በቀር አልነበረም፤ እሷም ብትሆን ያየችውን አልተረዳችውም።

ለእናቱ ምን ብሎ እንደነገራቸው አልጠየቅሁትም። በሚቀጥለው እሑድ እንደገና ለምሳ ተጠራን። ፈራሁ፤ ግን ሄድኩ። ስገባ ወንበሮቹ ሁሉ ወደ ግድግዳው ተገፍተዋል። እትዬ አስቴር ከቡፌው ላይ ሬዲዮኑንና የአበባ ማስቀመጫውን አንስተው ትሪውን እዚያ ላይ አኑረውታል፣ ልክ ደረቴ ጋ። የዓሣ ወጥ ነበር፣ አጠገቡ ቆጮና ጎመን። ይቅርታ የሚል ቃል አልወጣቸውም። እጃቸውን ታጥበው ከጎኔ ቆሙና ጸልየው ቆርሰው አጎረሱኝ። ታምራትም ቆመ፣ ኤልያስም ቆመ። አጎቱ ብቻ «በዚህ ዕድሜዬ እንደ ፈረስ ቆሜ ልብላ?» ብለው አጉረመረሙ፤ እትዬ አስቴር አንድ ጊዜ ዞር ብለው ሲያዩዋቸው ግን እሳቸውም መጡ። ዓሣው እሾህ ነበረው፤ ሁላችንም ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተን እሾህ ስንለቅም ትዝ ይለኛል።

ከዚያ ምሳ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ሕመሙ ለቀቀኝ። ወጌሻ አልነካኝም፣ ኪኒኑም አልቆ ነበር። አንድ ጠዋት ታይፕ መኪናው ፊት ተቀምጬ ሥራ ከጀመርኩ በኋላ ነው መቀመጤን ያስተዋልኩት። መስቀል ካለፈ በኋላ ተጋባን፤ ይኸው ልጆቻችን ወልደዋል፣ እትዬ አስቴርም ካረፉ ዓመታት ሆኗቸዋል።

ወጣቷ ባለሙያ ብስክሌት ላይ ለምን እንዳላመመኝ ነግራኛለች፤ አምኛታለሁ። ለምን በዚያ ሰሞን እንደተሻለኝ ግን አልጠየቅኋትም። ጊዜው ደርሶ ይሆናል። ወይም እኔ ራሴ የጠረጠርኩት የትዳር ፍርሃት እውነት ኖሮ፣ እትዬ አስቴር ከጎኔ ቆመው አባረውት ይሆናል። ታምራትን ትናንት ጠየቅሁት። መነጽሩን አውልቆ «ሁለቱም ቢሆንስ?» አለኝ። ዕድሜ ልኩን አንድ ጥያቄ አንድ መልስ እያለ ያስተማረ ሰው እንዲህ ሲል፣ እኔም ከዚህ በላይ ልጠይቀው አልፈለግሁም።