የዒዱ ቤት ኪራይ

ዐቅረቢያ ሰፈር፣ በልጅቷ አባት ቤት፣ ሽማግሌ በተላከበት ዕለት የነበሩት እነዚህ ናቸው። የልጅቷ አባት ከበሩ በስተቀኝ ቆሞ እንግዳ ይቀበላል። ሁለት ሽማግሌዎች ግድግዳውን ተደግፈው ምንጣፉ ላይ ተቀምጠዋል። የቤት ደላላው ከአየር ማቀዝቀዣው ሥር ነው፤ ሙሽራ ሊሆን የመጣው ልጁ ከጎኑ እንደ ቆመ ነው። በሴቶቹ ክፍል፣ ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ፣ አራት ጎረቤቶቼ ሳህን ይዘው ቆመዋል። እኔ ጉልበቴ ወለል ላይ አያስቀምጠኝምና ሁለቱን ክፍሎች በሚያገናኘው በር ላይ ወንበር ተሰጥቶኛል። በሩ ክፍት ነበር። በአንዱ ክፍል የተነገረው በሌላው ይሰማል።

አራቱን ሴቶች ደላላው የጠራቸው እኔ ስለፈለግሁ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። በውጭ አገር ሰው ቤተሰብ ላይ ወርኃዊ ክፍያ ሊጣል ነው ተብሎ ሰዉ ሁሉ ኹሩጅ ወጥቶ፣ ጠቅልሎ አገር ስለ መግባት ያወራ ነበር። ደማም ከተማ፣ አል ሙሐመዲያ የምንኖር አምስት ቤተሰቦች፣ የመጨረሻችን ሊሆን ይችላልና ዒድን አብረን እናሳልፍ አልን። አል ዐዚዚያ፣ ከባሕሩ አጠገብ፣ ለሦስት ቀን የሚከራይ ቤት ተገኘ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩት፣ የሰዉንም ወረቀት የማነበው እኔ ስለነበርኩ ሴቶቹ ገንዘቡን ለእኔ ሰጡኝ። ደላላው የሟች ባለቤቴ የአገር ልጅ ነው። ለዒድ ቤት አይገኝም፣ አሁኑኑ ሙሉውን ክፈሉ አለኝ። ዋጋው ቢወርድስ ብዬ ጠየቅሁት።

«ወላሂ እማማ፣ ከወረደ ልዩነቱን በእጄ አመጣልዎታለሁ» አለ።

ገንዘቡን ሰጠሁት፤ ጻፍልኝ አላልኩም። በእኛ ዘንድ የማለን ሰው ጻፍልኝ ማለት ስድብ ነው። የሌላውን ሁሉ ውል የማነብ ሴት የራሴን በመሐላ ተውኩት።

ረመዳን ሲጋመስ ኪራዩ በሲሶ ወረደ። ከሴቶቹ አንዷ በስልኳ አይታ ለሌሎቹ አሳየቻቸው። ደላላው ቢሮ ሄድኩ። ወረቀት አለዎት ወይ አለኝ። የለኝም አልኩት።

«የተማሩ አይደሉ እንዴ፣ እማማ? ያልተጻፈ ነገር ይዘው ይመጣሉ?» አለና ስልኩን አነሳ። በሳምንቱ ተመልሼ ስሄድ ደላላው «የቤቱ ባለቤት ምንም አልመለሰም፤ ማፊ፣ የለም» ብሎ ከደጅ ሸኘኝ።

የሰርጌን አምባር ሸጥኩና ለአራቱም ሴቶች ልዩነቱን ከፈልኳቸው። ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። የተሳሳትኩት ግን ያኔ ነው። ካልበላችው ለምን ከኪሷ ትመልሳለች ተባለ። ፊት ለፊት የነገረኝ የለም። ብቻ ከዚያ ወዲህ ወረቀት የሚያስነብበኝ ጠፋ፤ ለዓመታት ስሰበስበው የነበረውን ዕቁብም ሌላ ሴት ያዘችው።

ዒዱን እዚያው ቤት አብረን ዋልን። የግቢው ዘበኛ፣ የቤቱ ባለቤት ቀድመው ለከፈሉት ሁሉ ልዩነቱን በደላሎቹ እጅ እንደመለሰ ነገረኝ። ለማንም አላወራሁም። በዚያን ጊዜ ባወራም የሚያምነኝ አልነበረም። ሁለት ዓመት ያዝኩት። ደላላው መንገድ ላይ ሰላም ሲለኝ ሰላምታውን እመልስለት ነበር።

ከዚያ የደላላው ልጅ ሚስት ፈለገ። የመረጣት ልጅ አባት የባለቤቴ የልብ ወዳጅ ነበርና፣ እኔ ስለ ደላላው ቤተሰብ ካልመሰከርኩ ልጅቷን እንደማይሰጥ ተናገረ። ደላላው ተምርና ፍራፍሬ ይዞ ቤቴ መጣ። ስለ ኪራዩ አላነሳም፤ እኔም አላነሳሁም። እመጣለሁ፣ ግን እነዚያን አራት ሴቶች ጥራልኝ አልኩት። ለክብሬ የፈለግኋቸው መስሎት ደስ ብሎት ጠራቸው።

ሽማግሌዎቹ ተናግረው ሲያበቁ የልጅቷ አባት ወደ እኔ ዞረ።

«እትዬ፣ እርስዎ ያውቁታል። የዚህ ሰው ቃል እንዴት ነው?»

«እሱ ራሱ ይናገር» አልኩ። «የዒዱ ቤት ኪራይ ሲወርድ ባለቤቱ የመለሰው ገንዘብ ማን ዘንድ ነው?»

ደላላው ሳቀ። «እማማ ደግሞ፣ ልጅ ልንድር ብንመጣ ኪራይ ይጠይቁናል» አለ። ሽማግሌዎቹ አልሳቁለትም። የገንዘብ ቦርሳውን ማውጣት ጀመረ።

«ክፈለኝ አላልኩህም። ማን ዘንድ ነው አልኩህ።»

ልጁ አባቱን ያይ ነበር። ደላላው ቦርሳውን መልሶ ከተተ።

«እኔ ዘንድ ነው» አለ፣ ምንጣፉን እያየ።

«ጮክ በል። ሴቶቹ አልሰሙም።»

ሰምተው ነበር። እሱም መስማታቸውን ያውቃል። ቢሆንም ደገመው።

«እኔ ዘንድ ነው። እሳቸው አልነኩትም።»

ከወጥ ቤቱ በር አንዷ ሴት እማማ ብላ ጀመረች። አልዞርኩም።

«ልጁን ከሕፃንነቱ አውቀዋለሁ፤ ጨዋ ነው፣ ስጡት» አልኩ። «ከአባቱ ጋር የምትነጋገሩትን ግን፣ ለልጅቷ የሚሰጠውን መህርም ሌላውንም፣ አጽፉት። ቢምልም አጽፉት።»

የልጅቷ አባት ወረቀትና እስክሪብቶ አምጡ አለ። ዓባያዬን ሰብስቤ ተነሳሁ፤ ከደጅ ጫማዬን አድርጌ ሄድኩ።