ጎሽ የሚያቆም ጥይት

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ካሊፎርኒያ፣ ካምቤል ከተማ ውስጥ በአንዲት የጠመንጃ ጥገና ሱቅ እሠራ ነበር። አገር ቤት ሳለሁ በጦር ሠራዊቱ ውስጥ መሣሪያ ጠጋኝ ነበርኩ፤ ከዚያ የተሻለ የማውቀው ሥራ አልነበረም። የሱቁ ባለቤት ብዙ የማይናገር አሜሪካዊ ሽማግሌ ነው። አንድ ዝናባማ ቀን ከጓዳ ጠራኝና «ያንተ አገር ሰው ሳይሆን አይቀርም» አለኝ።

ባንኮኒው ፊት የቆሙት ሰውዬ ሰባ ዓመት ገደማ ይሆናቸዋል። ረዥም፣ ቀጭን፣ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ። ኤርትራዊ ናቸው፤ አማርኛቸው ግን ከእኔ የጠራ ነው። ኦክላንድ ውስጥ ቴሜስካል የሚባል ሰፈር ብቻቸውን እንደሚኖሩና እዚያው መሀል ከተማ አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ቲኬት እንደሚቆርጡ ነገሩኝ። በመኪና ያመጣቻቸው ሳኒቬል ከተማ የምትኖረው ልጃቸው ናት። እሷ አልገባችም። በመስኮት ሳያት መሪውን እንደያዘች ፊት ለፊቷን ትመለከታለች።

በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ነበር፤ ሲፈቱት አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ አሮጌ የአደን ጠመንጃ ወጣ። ከሞተ አሜሪካዊ ጎረቤታቸው ቤተሰብ ነው የገዙት። እንጨቱ ደህና ነው፣ ቃታውም ይሠራል፤ በርሜሉን ግን ውስጥ ውስጡን ዝገት በልቶታል።

«አዲስ በርሜል ያስፈልገዋል ጋሼ» አልኳቸው። «ከዚያ በፊት ግን የሚጎርሰውን ጥይት መምረጥ አለብዎት። አንዴ ከተሠራ በኋላ መለወጥ አስቸጋሪ ነው።»

«እኔም ለዚያው ነው የመጣሁት።»

ለዚያ ጠመንጃ የሚሆኑ ሁለት ትልልቅ ጥይቶች አምጥቼ ባንኮኒው ላይ አቆምኩላቸው። አንደኛዋ «ፎርቲ ፋይቭ ሰቨንቲ» የሚሏት ናት። አጭር፣ ወፍራም፣ ጫፏ ደፍጠጥ ያለ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረች ጥይት። ቀርፋፋ ናት፣ ርቀት ላይ ቶሎ ትወርዳለች፤ ግን ከባድ ናት። ሁለተኛዋ «ስሪ ሰቨንቲ ፋይቭ» ናት። ረዥም፣ ፈጣን፣ ሩቅ የምትሄድ። አፍሪካ ውስጥ ትልልቅ አውሬ የሚያድኑ ሰዎች የሚይዟት እሷን ነው። እንዲህ በቀለለ ጠመንጃ ከተተኮሰች ግን የተኳሹን ትከሻ ክፉኛ ትመታለች።

«ምን ሊያድኑበት አስበው ነው?» አልኳቸው።

«እንጃ። አጋዘን፣ የዱር አሳማ፣ ያገኘሁትን።»

«እንግዲያው አጭሯን ይውሰዱ። እዚህ ኮረብታ ላይ ከመቶ እርምጃ በላይ አይተኩሱም። ለትከሻዎም ትሻላለች።»

አጭሯን አንስተው በሁለት ጣታቸው ያዟት።

«ይቺ ጎሽ ታቆማለች?»

«ጋሼ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ጎሽ የለም እኮ።»

«መኖሩን አልጠየቅኩህም። ታቆማለች ወይ ነው ያልኩህ።»

ጠመንጃውን ሱቁ ውስጥ ትተው፣ ጥይት ሳይመርጡ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ በሳምንት አንዴም ሁለቴም ሱቁ ስልክ ይደውሉ ነበር። ጥያቄው ያው ነው፤ የትኛዋ አጥንት ትሰብራለች? የትኛዋ ጠልቃ ትገባለች? ሥራ በዛብኝ ስላቸው «እሺ ልጄ፣ ነገ ኮል አደርግልሃለሁ» ይሉና በማግስቱ በእርግጥም ይደውላሉ። በመጨረሻ አንድ እሁድ ራሴ ቴሜስካል ሄድኩ። መኖሪያቸው አንድ ክፍል ነች፤ አልጋ፣ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ የባለቤታቸው ፎቶ። ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል ከሞቱ። ያኔ ነው ነገሩን የነገሩኝ።

በወጣትነታቸው ኦሞ ወንዝ አካባቢ ከውጭ ለሚመጡ አዳኞች ይሠሩ ነበር። አብሯቸው የሚሠራው፣ የአውሬ ዱካ የሚከታተለው ሰው የባለቤታቸው ወንድም ነው፤ ለእናቱ ብቸኛ ወንድ ልጅ። አንድ ቀን አንድ ፈረንጅ አዳኝ ጎሽ አቁስሎ ለቀቀ። በማግስቱ ጠዋት ፈረንጁ አመመኝ ብሎ ድንኳኑ ውስጥ ቀረና አሮጌ ጠመንጃ ሰጥቶ ሁለቱን ላካቸው። ጠመንጃው አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ነው። የቆሰለው ጎሽ ከቁጥቋጦ ውስጥ ሲወጣባቸው እሳቸው ተኮሱ፣ መቱትም። አልቆመም። አማቻቸውን በቀንዱ አንስቶ ጣለው። የሞተው ወደ ድንኳኑ ሲወስዱት መንገድ ላይ ነው።

«ጥይቷ እንደዚያች አጭሯ ነበረች። ስሟ ሌላ ነው፣ መልኳ ግን ያው ነው» አሉኝ። «ደካማ ጥይት ሰጠን። ባለቤቴ እስክትሞት ድረስ ያንን ፈረንጅ እንደረገመችው ነው። ለቅሶ ሊደርስ ለመጣ ሁሉ የምትናገረው ይህንኑ ነበር። ደካማ ጥይት ሰጥቶ ወንድሜን አስበላብኝ ትል ነበር።»

«ስለዚህ ረዥሟን ይፈልጋሉ» አልኳቸው።

«ማወቅ ነው የምፈልገው» አሉ።

እዚያ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ረዥሟ ትሻላለች፣ እውነትዎን ነው ብዬ በርሜሉን መግጠም እችል ነበር። ግን ስለ መሣሪያ ሲሆን ትክክለኛውን ነገር ሳልናገር ማለፍ አይሆንልኝም፤ ሰው የሚያከብረኝም በዚያ ብቻ ይመስለኝ ነበር። «እንፈትናቸዋለን። በዓይንዎ ያያሉ» አልኳቸው።

አሥር የስልክ ማውጫ ደብተሮች ሰብስቤ፣ ጥይትን እንደ ሥጋ እንዲይዙ ሁለት ቀን ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍኳቸው። ሁለቱን የጥይት ዓይነቶች የሚጎርሱ ሁለት ጠመንጃዎች ከሱቁ ባለቤት ተዋስኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት ከሳን ሆዜ በስተምሥራቅ ኮረብታው ላይ ወዳለው የተኩስ ሜዳ ሰውዬውን ይዤ ወጣሁ። ጭጋጉ ገና አልተነሳም ነበር። ደብተሮቹን አንዱን ከአንዱ ኋላ ደረደርኩና ሰውዬውን የጆሮ መከላከያ አድርጌላቸው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው።

መጀመሪያ ረዥሟን ተኮስኩ። ትከሻዬን እንደ በቅሎ እርግጫ መታችኝ። ሄደን ደብተሮቹን ስንገልጥ የጥይቷ እርሳስ እንደ አበባ ተከፍቶ ስምንተኛው ደብተር ውስጥ ቆሟል። ቀጥዬ አጭሯን ተኮስኩ። አሥሩንም በስታ አልፋ ኋላ ያለው አፈር ውስጥ ገብታለች።

ደስ አለኝ። እንዲህ ስጽፈው አፍራለሁ፣ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። «አዩ ጋሼ? ቀርፋፋ ናት እንጂ ደካማ አይደለችም። እርሳሷ ጠንካራ ከሆነ የጎሽን ትከሻ በስታ ታልፋለች። ጥፋቱ የጥይቷ አልነበረም ማለት ነው።»

አሥረኛውን ደብተር አንስተው ቀዳዳው ውስጥ ጣታቸውን ከተቱ። ውሃው በእጅጌያቸው ይወርዳል።

«አውቃለሁ» አሉ።

«ምኑን?»

«የጥይቷ አለመሆኑን። ሁለተኛ ጥይት ነበረችኝ። እዚህ፣ ጣቶቼ መሀል ይዣታለሁ። ጎሹ አማቼን ጥሎ ዞረና ቆመ። ከእኔ እስከዚያ መኪና ድረስ ቢሆን ነው። ጎንዮሽ ቆሞልኛል። ባጎርስ እደርስ ነበር።»

«ታዲያ...»

«ጠመንጃውን ጣልኩና ዛፍ ላይ ወጣሁ። ጎሹ ተመልሶ እንደገና ወጋው። እሱ እየጠራኝ ነበር። በስሜ ነው የጠራኝ።»

«ወጣት ነበሩ» አልኩ። «ማንም ሰው ቢሆን...»

«ተወው» አሉኝ። «ለእህቱ ጥይቱ ደካማ ነበር አልኳት። አርባ ዓመት አብራኝ ስትኖር፣ ስታበላኝ፣ ስታለብሰኝ ይህንን ይዛ ነው። እኔም መጨረሻ ላይ አምኜው ነበር መሰለኝ። ከሞተች ወዲህ ነው እየተመለሰ ያስቸገረኝ።»

ወደ ኦክላንድ መለስኳቸው። በራቸው ላይ ሲወርዱ ስለ በርሜሉ ጠየቅኳቸው። «የፈለግከውን ግጠምበት» ብለው ገቡ።

አጭሯን የሚጎርስ በርሜል ገጠምኩ። የሱቁ ባለቤት እስካሁን ከሠራኸው ሁሉ የተሻለ ነው አለኝ። ደወልኩላቸው፤ አያነሱም። ሱቁ ሳይደውሉ ያለፉበት የመጀመሪያው ሳምንት ያ ነበር። ሁለት ወር ያህል ካለፈ በኋላ ልጃቸው ብቻዋን መጣች። ያን ቀን ባንኮኒው ድረስ ገባች። አማርኛዋ እየተሰባበረ፣ እንግሊዝኛ እየጨመረችበት፣ አባቷ በልብ ሕመም ሆስፒታል ቆይተው ባለፈው ሳምንት መሞታቸውን ነገረችኝ።

«ስለ አጎቴ ነግሮኛል፤ ሁሉንም» አለች። «በጣም ተናደድኩ። ለእናቴ እንዴት አልነገርካትም አልኩት። ከዚያ ሦስት ሳምንት ኮል አላደረግኩለትም። ሆስፒታል ሲገባ ያወቅኩት ከሰው ነው።»

«በሕይወት ሳሉ ደረስሽ?»

«ደረስኩ። ግን አይናገርም ነበር።»

ጠመንጃውን አውጥቼ ላሳያት ስል በእጇ ከለከለችኝ። እንዲሸጥላት ብቻ ጠየቀች። ከዚያ አንድ ነገር ልጠይቅህ አለችኝ። አባቷ ያቺን ሁለተኛ ጥይት ቢተኩሷት ኖሮ አጎቷ ይተርፍ ነበር ወይ? አንተ ታውቃለህ ብሎኛል አለች።

ዓይኗ እንደ አባቷ ቀጥ ብሎ ነው የሚያየው። እኔ የበሳሁት የራሰ ወረቀት ነው፤ የሚሮጥ፣ የቆሰለ ጎሽ ሌላ ነገር ነው። ያቺ የድሮ ጥይት እርሳሷ ለስላሳ ይሁን ጠንካራ አላውቅም። ባሩዷ እርጥበት ነክቶት ሊሆንም ይችላል። ይህንን ሁሉ በዚያ ቅዳሜ ጠዋትም አውቀው ነበር፤ አላልኩም እንጂ።

«አላውቅም» አልኳት። «ማንም ሊያውቅ አይችልም። ለአባትሽም እንዲህ ነበር ማለት የነበረብኝ።»

«ለምን አላልከውም?»

የሱቁ ባለቤት ከጓዳ ወጥቶ አየንና ተመልሶ ገባ። «የማውቅ መምሰል ፈልጌ ነበር» አልኳት። እሷም የመኪናዋን ቁልፍ ከባንኮኒው ላይ አንስታ ወጣች።