የተውሶ ጣቃ

ጥሩዬ ልብስ ስፌት የገባችበት ወዳ አይደለም። ባሏ ታደለ ወታደር ነበር። በሰማንያ ሦስት መንግሥት ሲወድቅ ከሰሜን እስከ ጂንካ በእግሩም በጭነት መኪናም ተጎትቶ ሲገባ፣ ከዚያ ሁሉ ዓመት ውትድርና ያተረፈው ልብስ መስፋት ብቻ ነበር። የጓዶቹን ዩኒፎርም ሲጠግን ነው የለመደው። አንድ አሮጌ የእግር ስፌት መኪና ገዛ፣ ከአውሮፕላን ሜዳው ዝቅ ብሎ ካለው የሱቅ መደዳ አንዲት በረንዳ ተከራየ፣ ከላይ ከአሪ መንደር ጥሩዬን አገባ። አሥር ዓመት ያህል አብረው እንደኖሩ ሳንባው ታመመና ሞተ። ለቀስተኛው ገና ከድንኳኑ ሳይወጣ ወንድሞቹ «መኪናዋ ትሸጥና እንካፈል» አሉ። ሴት ልጅ ወንድ ፊት እግሯን እያወዛወዘች አትሰፋማ! ጥሩዬ ያኔ አማርኛዋ ገና ነው፤ ግን ይቺን አላጣቻትም፦ «መኪናዋን የሚነካ መጀመሪያ እኔን ይንካ።» ማንም አልነካትም።

ከዚያ ወዲህ ያቺ መኪና አበላቻት፣ ልጇን ሶሲን አስተማረችላት፣ ዳረችላት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአልዱባ በኩል የሚመጡ የበና ጎረምሶች የሚያገለድሙትን ጨርቅ ጠርዙን በቀለም ክር አስደርገው ይሄዳሉ። መስከረም ሲጠባ የተማሪ ዩኒፎርም ነው። በተረፈው ቀን የመንግሥት ሠራተኛ ከሰልባጅ ተራ የገዛውን ሱሪ ይዞ ይመጣል፤ ታጠብባለች፣ ታሳጥራለች። ጨርቁን የሚያመጣው ባለቤቱ ነው። የእሷ ንብረት ክር፣ ዚፕ፣ ቁልፍና ሁለት እግሮቿ ናቸው።

በረንዳዋ ላይ የእንጨት አግዳሚ አለች። ሱሪ የሚያስጠብበው ሰው እዚያ ተቀምጦ ሲጠብቅ ወሬ አይጠፋም። ከሁሉ የሚብሱት ሁለት ነበሩ። አንዱ ዮናስ ነው፤ ከመሀል አገር ተመድቦ የመጣ፣ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ የሚያስተምር ልጅ። ሌላው እውነቱ ነው፤ የንግድ ጉዳይ የሚያይ ቢሮ ውስጥ ባለሙያ። አንድ ላይ ከተቀመጡ አለቀ፣ ሰፈሩ ይሰማል።

«መንግሥት ለእያንዳንዱ ዜጋ፣ ሀብታም ነህ ደሃ ነህ ሳይል፣ በየወሩ ለኑሮ የሚሆን ብር መስጠት አለበት!» ይላል ዮናስ። «ሰው ሆኖ በመፈጠሩ ብቻ!»

«ከየት አምጥቶ?» ይላል እውነቱ። «ከአንተ ደመወዝ?»

«ከግብር ነዋ።»

«ግብሩን ማን ከፍሎት? በረንዳ ላይ ያለው ሁሉ ገቢውን ደብቆ! መጀመሪያ ቁጥጥር፣ ከዚያ ስጦታ።»

«እትዬ ጥሩዬን ተቆጣጥረህ ነው አገር የምታሳድገው? እፈር እንጂ!»

ስሟ ሲነሳ ጥሩዬ ፈገግ ትላለች፤ እግሯ ግን አያቆምም። የተማሩ ሰዎች ስለ እሷ ሲጣሉ ደስ ይላት ነበር፣ ሐቁን ለመናገር። የሚከራከርላት ሰው ያላት መሰላታ!

አንድ ዓመት በጋው ላይ ብድር ጠየቀች። ኦቨርሎክ የሚሉት የጨርቅ ጠርዝ የሚቋጥር መኪና ልትገዛ ነው፤ እሱ ከሌለ የዩኒፎርም ሥራ ለሌላ ሰፊ ማለፉ ነው። ብድርና ቁጠባዎቹ «ሐሙስ መጥተን ንግድሽን እናያለን» አሏት። እዚህ ላይ የመደዳውን ልማድ ማወቅ ያስፈልጋል። ብድር ሰጪ ሊያይ ሲመጣ ጎረቤት ዕቃውን ያውሳል። የዛሬ ተበዳሪ ሱቅ ጢም ይላል፣ ሲመሽ ሁሉም ዕቃውን ይሰበስባል፣ በሌላ ቀን ደግሞ በተራው ይዋሳል። ባዶ በረንዳ አይቶ የሚያበድር የለማ! አበዳሪዎቹም ያውቃሉ፤ አይተው እንዳላዩ ያልፋሉ።

ጨርቅ ነጋዴው ዘውዴ ቀኝ ጎረቤቷ ነው። የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ነው፣ ጸሎት ሲመራ ሰው ያስለቅሳል። ሐሙስ በጠዋት ራሱ ተሸክሞ ጣቃውን ሁሉ በረንዳዋ ላይ ደረደረላት፤ ቴትረኑ፣ ካኪው፣ አበባ አበባ ያለው። «በርቺ እህቴ፣ ጌታ ይከፍትልሻል» አላት። የእሱ መደርደሪያ ግማሹ ባዶ ቀረ።

ፀሐይ ሞቅ ስትል ሁለት ወንዶችና አንዲት ልጅ አቃፊ ይዘው መጡ።

«እናቴ፣ ይሄ ሁሉ ጣቃ ያንቺ ነው?»

«የኔ ነዋ! የማን ሊሆን ነው?»

«በቀን ደህና ትሸጫለሽ?»

«ጌታ ይመስገን! ሰዉ ተሰልፎ ነው የሚገዛኝ። ቅዳሜማ መተንፈሻም የለኝ።»

ሴቷ ልጅ ጻፈች፣ ጻፈች፣ ጻፈች። አመሰገኗት፣ እሷም መርቃ ሸኘቻቸው፤ እነሱም ወደ ዘውዴ ሱቅ አለፉ። ከሰዓት በኋላ ሌሎች ሁለት ሰዎች መጡ። «ከብድርና ቁጠባ ነን» አሏት።

«እንዴ! ጠዋት መጥታችሁ አይታችሁ አልነበር?»

ተያዩ። አንደኛው አንገቱን ደፋ። «እትዬ፣ የጠዋቶቹ የግብር ገማቾች ናቸው። መደዳውን ሲዞሩ ነው የዋሉት።»

ጥሩዬ አግዳሚዋ ላይ ቁጭ አለች። እናንተዬ፣ እንዲህም አለ? ሰው በገዛ አፉ፣ ያውም እየመረቀ!

ግምቱ ሲለጠፍ ዓመት ሙሉ ብትሰፋ የማትደርስበት ሆኖ መጣ። ብድሩ ተፈቅዶ ነበር፤ ግን ግብሯን መክፈሏን የሚያሳይ ክሊራንስ አምጪ ተባለች፣ ብድሩም ቀረ። ዮናስ ሲሰማ ፊቱ ቀላ፣ ማመልከቻ በሚያምር አማርኛ ጻፈላት፣ «አይዞሽ፣ ሕግ አለ» አላት። ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው ፊት ስትቀርብ ከጠረጴዛው ጫፍ ጸሐፊ ሆኖ የተቀመጠው ማን ይሁን? እውነቱ! ጥሩዬ ነፍሷ መለስ አለች። በረንዳዋን ከእሱ በላይ ማን ያውቃል? በእሷ እጅ የጠበበውን ሱሪ ለብሶ እኮ ነው የተቀመጠው።

«ጣቃው የኔ አይደለም፤ የጋሽ ዘውዴ ነው፣ ተውሼ ነው» አለች። ሁሉንም ሳትደብቅ ተናገረች። ሰብሳቢው ሳቀ። «ታዲያ ያን ቀን ነው የዋሸሽው ወይስ ዛሬ?» ዘውዴ ይጠራ ተባለ።

አሁን ይሄን ልብ በሉ። ያን ሐሙስ ገማቾቹ የዘውዴን ሱቅ ሲያዩ መደርደሪያው ባዶ ነበር። ግምቱ ቀለል ብሎ ወጣለት፤ የመደዳው ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እሱ ብቻ ዝም ብሎ ሰነበተ። አሁን «ጣቃው የኔ ነው» ካለ ያ ሁሉ ሊመለስበት ነው። ገባ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ ጥሩዬን አላያትም።

«አሁን ሱቄ ያለውን ጣቃ ከእሷ ነው የገዛሁት» አለ በለሰለሰ ድምፅ። «በጅምላ ታከፋፍላለች።»

ጥሩዬ ወደ ጸሐፊው ዞረች። «እውነቱ! አንተ ታውቃለህ እኮ! ንገራቸው እንጂ!» እውነቱ ከወረቀቱ ቀና አላለም። «ኮሚቴው የሚሠራው በማስረጃ ነው» አለ። እንደዚያ ነው ያላት፤ እትዬ እንኳን አላላትም። ልታስቀንስ ሄዳ ጅምላ ነጋዴ ሆና ወጣች። ከደረጃ «ሐ» ወደ «ለ» አሳደጓት፣ የሒሳብ መዝገብ ያዢ ተባለች።

ውጪ ዘውዴን ክንዱን ያዘችው። «ጋሽ ዘውዴ፣ ጌታን አይፈሩም?»

«ሐቁን ብናገር ሁለታችንም ነበር የምንቃጠለው፤ እኔ በግብሩ፣ አንቺ በውሸትሽ» አለ። «አሁን የተቃጠለው አንድ ሰው ነው።» ክንዱን ቀስ ብሎ አስለቀቀና ሄደ። በዚያው እሑድ ጸሎት መራ፤ ጥሩዬ ከመሀል ተነስታ ወጣች። ሰው ጤናዋን ጠየቃት።

«ፈቃዴን ውሰዱና ተዉኝ» ብላ ቢሮ ሄደች። ለካ ፈቃድ ለመመለስም ያለብሽን መክፈል አለብሽ! ካልመለስሽ ደግሞ የሚቀጥለው ዓመት ይጨመርበታል። መሥራት አትችል፣ መተው አትችል። ሥራ ለማቆም የሚከፈልበት አገር፣ ጉድ እኮ ነው! የባሏ ወንድሞች ሊነኳት ያልደፈሩትን መኪና፣ ሥራዋን ለማቆም ስትል ራሷ ለገበያ አወጣቻት። ብዙ ሰው አየ፣ ብዙ ሰው ዋጋ ሰበረ። ጥሬ ብር ይዞ የመጣው ዘውዴ ብቻ ነበር። ሸጠችለት። ምን ታድርግ? ተሳድባ ሸጠችለት፤ እሱም ስድቡን ችሎ ገዛት። ብሩ እንዳለ ለግብሩ ገባ፣ ፈቃዷም ተመለሰ።

ሁለት ወር ሃና ከተማ፣ ልጇ ሶሲ ጋ ከረመች። የአማች ቤት አንገት ያስደፋል፣ ያውም ሥራ ለለመደ ሰው። ተመለሰች። ዘውዴ መኪናዋን እዚያው በረንዳ ላይ ተክሎ የሚቀመጥባት ሰው አጥቶ ነበር። «የወር ደመወዝ አለው፤ የድሮውን እንርሳውና ነይ» አላት። አልረሳችም። ግን ተቀመጠች።

አግዳሚዋም እዚያው ናት፤ ሁለቱም ይመጣሉ። ዮናስ መጀመሪያ ሰሞን ሲያያት ዓይኑን ይሰብር ነበር፤ በኋላ ለመደው። አንድ ቀን ሱሪው እየጠበበለት ከእውነቱ ጋር እንደገና ተያያዙ፤ ያው የየወሩ ብር፣ ያው ግብር።

«ራሷን እንጠይቃታ!» አለ ዮናስ። «እትዬ ጥሩዬ፣ መንግሥት በየወሩ ዝም ብሎ ብር ቢሰጥሽ ምን ታደርጊበታለሽ?»

ይሄን ያህል ዓመት ሲከራከሩ አንድም ቀን ጠይቀዋት አያውቁም። እግሯ ቆመ። ዮናስን አየችው፣ ከዚያ እውነቱን።

«መኪናዬን መልሼ እገዛበታለሁ» አለች።

እውነቱ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ፤ ቀልድ አይደለም፣ ሰውዬው ከልቡ ነው፦ «እሱማ ጥሩ ነው። ብቻ ሥራ ከመጀመርሽ በፊት ፈቃድ እንዳትረሺ።»

ጥሩዬ ክሩን በጥርሷ በጠሰች፣ ሱሪውን አጥፋ ለዮናስ ሰጠችው። ዮናስ እጁን ኪሱ ሲከት ወደ ሱቁ ውስጥ በአገጯ አሳየችው።

«ሒሳቡ ለእኔ አይደለም» አለችው። «ለጋሽ ዘውዴ ነው።»