ለእመቤታችን የተሳለው ፕሮፔለር

ከጎንደር ወደ ኮሶዬ ስንወጣ አባቴ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ ይቁነጠነጣል። እኔ ከኋላ ሆኜ በልቤ ውዳሴ ማርያም እደግማለሁ። የምንሄደው ለእመቤታችን የሰጣትን መልሶ ሊለምን ነው።

አባቴ በጃንሆይ ዘመን ዕጩ አብራሪ ነበር። አስተማሪና ተማሪ ጎን ለጎን በሚቀመጡባት ትንሽ መለማመጃ አውሮፕላን ከአስተማሪው ጋር ሲበር፣ ኮሶዬ ላይ ሞተሯ ጸጥ አለ። «እመቤቴ፣ በደኅና ካወረድሽኝ ከዚህች አውሮፕላን አንድ ነገር ያንቺ ነው» ብሎ ተሳለ። ገብስ ማሳ ላይ ወደቁ፤ የአውሮፕላኗ እግር ተሰበረ፣ ክንፏ ተቀደደ፣ ሁለቱም ተረፉ። ስብርባሪዋን ሊጭኑ ሲመጡ አባቴ አለቆቹን ለምኖ፣ አግድም ቆሞ ስለነበር ሳይጣመም የቀረውን ፕሮፔለር እዚያው ኮሶዬ ላለው ለእመቤታችን ደብር ሰጠ። ይኸው እስከ ዛሬ ቅጥሩ ውስጥ ካለው ወይራ ላይ ተሰቅሎ ደወል ነው።

እኔ የምኖረው ያቺ አውሮፕላን በተሠራችበት ብርዳም አገር ነው። ጎረቤቴ ከጓደኞቹ ጋር የዚያችን ዓይነት ለማሳያ ይጠግናል። ከዓይነቷ የቀሩት ጥቂት ናቸው፤ ይህችኛዋም አፍንጫዋ ባዶ ነው፣ ፕሮፔለር የላትም። ይህን ለአባቴ በስልክ ሳጫውተው፣ «እኔ እሰጣቸዋለሁ! ሙሉ ሆና ሳላያት አልሞትም» አለ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ፤ ብቻውን እንዳይሄድ ብዬም አገሬ ገባሁ። ስለቱን መልሶ የወሰደ ሰው ምን እንደሚደርስበት እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ልቡም ደካማ ነው። እምቢ ቢሉትስ? እሺ ቢሉትስ? የቱ ይበልጥ እንደሚያስፈራኝ አላውቅም ነበር።

ኮሶዬ ደርሰን፣ የደብሩ ቄስ እስኪመጡ ቅጥሩ ውስጥ ጠበቅን። አባቴ ብረቱን ዳሰሰው።

«አየሽ፣ ዝገት አልነካውም።»

«አባዬ፣ ተው…»

ጨርሼ ሳልናገር መምቻውን አንሥቶ ደጋግሞ መታው።

በዚህ አገር ያለ ሰዓቱ ደወል ከተመታ ወይ ሰው ሞቷል፣ ወይ እሳት ተነሥቷል። ሴቶች ነጠላቸውን አደግድገው፣ ወንዶች አካፋና ዱላ ይዘው ከየቤቱ እየሮጡ መጡ።

«ማን ሞተ? ምነው ዝም አላችሁ?» አሉ አንዲት አሮጊት እያለከለኩ።

«ማንም አልሞተም፤ እኔ ነኝ የመታሁት» አለ አባቴ።

«ምነው አያ! እኔን ልትገለኝ ነው? ሊጤን በትኜ መጣሁ'ኮ!»

«ተዉት» አሉ አንድ ሽማግሌ፣ «ይህ የአባቴን ገብስ በአውሮፕላን ያጨደው ሰውዬ አይደለም እንዴ!»

ሳቁ። አባቴ ግን አልሳቀም። ቄሱ ደርሰው፣ «አያ፣ ምን ፈልገው መጡ?» አሉት። የነጠላዬን ጫፍ ጨብጬ ያዝሁ። አባቴ አካፋ የያዙትን አየ፤ ትንፋሻቸው አልመለስ ብሏቸው ድንጋይ ላይ የተቀመጡትን አሮጊት አየ። መምቻውን ወደ ቦታው መለሰ።

«ድምፁን ልሰማ ነው» አለ በመጨረሻ። «አስደነገጥኋችሁ፣ ይቅር በሉኝ።»

«ሸጋ ነው» አሉ ቄሱ። «ታዲያ በቅዳሴ ሰዓት መጥተው ይስሙ።»

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ስልኬን አየሁ። ጎረቤቴ «ተገኘ ወይ?» የሚል መልእክት ልኮልኛል።

«አባዬ፣ ምን ልበለው?»

«ገና ሥራ ላይ ነው በይው።»

እንዳለኝ ጻፍሁ። ቀና ስል መዳፉን ደረቱ ላይ አድርጎ ነበር። «አመመህ?» አልሁት። «አይ፣ ብርዱ ነው» አለ። እጄን አሻግሬ መስኮቱን ዘጋሁለት፤ ጎንደር እስክንገባ ድረስ ግን ዓይኔን ከትከሻው አላነሣሁም።